የራኬት ነገር፦ ከቦምቤይ እስከ መዝናኛ ክፍላችን

ሰሞኑን በመዝናኛ ክፍላችን አንድ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ለጠረጴዛ ቴኒስ ያዋጣናት ገንዘብ ጥቂት ናት። ግማሾቻችን «ሁለት ምርጥ ራኬት ይገዛ፤ ጨዋታ ማለት ያኔ ነው» አልን። ግማሾቻችን ደግሞ «ኧረ ተዉ! ለሁለት ራኬት ስንቱ ሊሰለፍ ነው? ስድስት ተራ ራኬት ይበቃናል» አልን። ክርክሩ እስከ እራት ሰዓት ቢዘልቅም መቋጫ አላገኘም። እንግዲያው ነገሩን ከታሪክ አንጻር ብናየው ሳይሻል አይቀርም። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ ጨዋታ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ በእንግሊዝ አገር ባለጸጎች የእራት ጠረጴዛ ላይ ሲጀመር፣ ከመምቻዎቹ አንዱ እንደ ከበሮ ብራና የተወጠረበት ነበር። «ፒንግ ፖንግ» የሚለው ስምም ከኳሷ ድምፅ የመጣ ነው። ኋላ ላይ ችፍ ችፍ ያለ ጎማ የተለጠፈበት የእንጨት ራኬት ቦታውን ወሰደና ለአሥርት ዓመታት ነገሠ። ይህ ራኬት ኳስን አያስፈነጥርም፤ ብዙም አያሾርም። ስለዚህ ተከላካይ በቀላሉ አይሸነፍም ነበር። በ1936 ፕራግ ላይ ፖላንዳዊው ኤርሊክና ሩማንያዊው ፓኔት ለአንዲት ነጥብ ብቻ ከሁለት ሰዓት በላይ ኳስ ተመላልሰዋል። ልብ በሉ፣ ለአንዲት ነጥብ!

በ1952 የዓለም ሻምፒዮና ቦምቤይ (የዛሬዋ ሙምባይ) ላይ ተደረገ። ከጃፓን የመጣው ሂሮጂ ሳቶ የተባለ መነጽር ለባሽ ተጫዋች ብዙም ግምት አልተሰጠውም ነበር። ራኬቱ ግን እንግዳ ነገር ነበረች። በእንጨቷ ላይ የተለጠፈው ጎማ ሳይሆን ወፍራም ስፖንጅ ነው። ስፖንጁ ኳሷን ዋጥ ያደርግና መልሶ ያስፈነጥራታል፤ ድምፅ የለውም ማለት ይቻላል። ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። የዚያን ዘመን ተጫዋች የሚጫወተው በዓይኑ ብቻ ሳይሆን በጆሮውም ነበር፤ ተጋጣሚው ኳሷን ምን ያህል አጥብቆ እንደመታት ከድምፁ ይለያል። ከሳቶ ፊት የቆመ ሰው ግን አንድ ጆሮውን እንደተነጠቀ ያህል ነበር። ታላቅ ተስፋ የተጣለበት አሜሪካዊው ማርቲ ራይዝማን ተሸነፈ። በፍጻሜውም ሃንጋሪያዊው ኮቺያን ተረታ፤ ዋንጫውም ጃፓን ገባ።

ታዲያ ያሸነፈው ማን ነው? ሳቶ ወይስ ስፖንጁ? «ስፖንጁ ነው» ብሎ መደምደም ይቀናል። ይሁንና በዓመቱ፣ በ1953፣ ቡካሬስት ላይ ሃንጋሪያዊው ሺዶ በነባሩ ጎማ ሻምፒዮን ሆነ። በ1954 ለንደን ላይ ደግሞ ጃፓናዊው ኦጊሙራ በስፖንጅ አሸነፈ። የኦጊሙራ ጉልበት ግን የራኬቱ ብቻ አልነበረም፤ በእግሩ ፍጥነትና በልምምዱ ብዛት የታወቀ ሰው ነበር። እንግዲህ አዲስ መሣሪያ በር ይከፍት ይሆናል፤ በበሩ የሚገባው ግን የሠራ ሰው ነው።

ራይዝማንስ? እሱ እኮ ከአሮጌው ራኬት አልተለየም። በ1997፣ በ67 ዓመቱ፣ በዚያው ዓይነት ራኬት የአሜሪካ ሻምፒዮና አሸንፏል።

ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ሕግ ያወጣው በ1959 ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ከቦምቤይ ሰባት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው! ባዶ ስፖንጅ ተከለከለ። ስፖንጅ ከላዩ ጎማ ከለበሰ ግን ተፈቀደ፤ ውፍረቱ ሁለቱም ተደምረው ከ4 ሚሊሜትር እንዳይበልጥ ተባለ። ይሁንና ተንኮል መንገድ አያጣም። አንዳንዶች በራኬቱ አንድ ገጽ ኳስ የሚያሾር፣ በሌላው ሽክርክሪት የሚገድል ጎማ ይለጥፉና ሁለቱንም በአንድ ቀለም ያደርጋሉ። ራኬቷን በመዳፍ ውስጥ ገልበጥ ሲያደርጓት፣ ተጋጣሚ በየትኛው ገጽ እንደተመታበት በምን ይወቅ? በ1980ዎቹ ሕጉ ይህንንም ያዘ፤ ከ1986 ጀምሮ አንዱ ገጽ ቀይ፣ ሌላው ጥቁር እንዲሆን ተደነገገ። በ2021 ሌሎች ቀለሞች ቢጨመሩም አንዱ ገጽ ጥቁር መሆኑ አልቀረም። የሚገርመው፣ ስለ ራኬቱ መጠን፣ ቅርጽና ክብደት ሕጉ ምንም ገደብ አያደርግም። የሚጠይቀው ተጋጣሚህ ምን ይዘህ እንደቆምክ እንዲያውቅ ነው።

ወደ ራሳችን እንመለስ። ወፍራም ስፖንጅ ያለው ፈጣን ራኬት የሰለጠነ እጅ ይፈልጋል። ገና ለሚማር እጅ ስሕተትንም አብሮ ያፈጥናል፤ ኳሷ ከጠረጴዛው አልፋ ግድግዳ ትመታለች። ለጀማሪ የሚሻለው ለስላሳ ጎማና ሳሳ ያለ ስፖንጅ ያለው፣ ከእጅ የማይከብድ ራኬት ነው። እጀታውም ይታይ፤ እንደ ሰላምታ ለሚጨብጥና እንደ እስክሪብቶ ለሚይዝ አንድ ዓይነት እጀታ አይስማማም። ዋጋው ከዚህ ሁሉ በኋላ ይምጣ።

«ጎበዝ ተጫዋች በተራ ራኬት ይባክናል» የሚሉት ጓደኞቻችንም እውነት አላቸው። እጁ ከራኬቱ የቀደመ ሰው የተሻለ መፈለጉ አይቀርም። ግን እስቲ እንተማመን፤ ከመካከላችን እዚያ የደረሰ ስንት ነው? ሁለት ምርጥ ራኬት ብንገዛ ቀድሞ የመጣ ይይዛቸዋል፤ የተሸነፈው «ራኬቱ ነው» ይላል፤ ያሸነፈውም እጁ ይሁን ራኬቱ ሳያውቅ ይቀራል።

ስለዚህ የኛ ድምፅ ለስድስቱ ነው። አንድ ዓይነት፣ አንድ ዋጋ፣ ቀይና ጥቁር ይሁኑ። ሳንቲም ከተረፈ ደግሞ ኳስ ይገዛ፤ ያሉን ሁለት ኳሶች ሁለቱም ተሰንጥቀዋልና።