በአሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ የሚከሰት የሚኒሞ መዛባት፦ ምርመራው በናይሮቢ ሩንዳ ከፍታ

የሚኒሞ መዛባት የሚባለው ነዳጅ መስጫው ሳይረገጥ በሥራ ላይ ያለ ሞተር ዙሩ ከሚገባው በታች ሲወርድ፣ ከፍ ዝቅ ሲል ወይም ተሽከርካሪውን ሲያንዘፈዝፍ ነው። «ሚኒሞ» ከጣሊያንኛ ወደ ኢትዮጵያ ጋራዦች የገባ ቃል ነው፤ ትርጉሙም «ዝቅተኛው» ማለት ነው። አብዛኞቹ የቤንዚን ሞተሮች ከሞቁ በኋላ ሚኒሟቸው በደቂቃ ከ600 እስከ 900 ዙር ነው። የእያንዳንዱ ሞተር ትክክለኛ ልክ በአምራቹ መመሪያ ወይም ኮፈኑ ሥር በተለጠፈ ጽሑፍ ላይ ይገኛል።

ሩንዳ በኬንያ ዋና ከተማ በናይሮቢ ሰሜናዊ ክፍል፣ ከጊጊሪ አጠገብ የሚገኝ የመኖሪያ ሰፈር ነው። ቀድሞ የቡና እርሻ የነበረው ይህ ቦታ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። የአንድን አሮጌ መኪና ሚኒሞ ለመመርመር ይህ ከፍታ ዋና ቁም ነገር ነው፤ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ለምትገኘው አዲስ አበባም ነገሩ ከዚህ የበለጠ ይሠራል።

ሕመሙ ለምን ሚኒሞ ላይ ይታያል?

በሚኒሞ ጊዜ የአየር በሩ (ስሮትሉ) ሊዘጋ ጥቂት ቀርቶት ስለሚቆም ወደ እያንዳንዱ ሲሊንደር የሚገባው የአየርና የቤንዚን ድብልቅ እጅግ ትንሽ ነው። ሞተሩ ያንን ጥቂት ድብልቅ አቃጥሎ ራሱን ብቻ ያዞራል። በዚህ ጊዜ በስንጥቅ ቱቦ የሚገባ አየር፣ የደከመ ካንዴላ ወይም በደንብ የማይገጥም ቫልቭ ሚዛኑን ወዲያው ያናጋዋል። መኪናው በፍጥነት ሲሄድ ግን የሚገባው አየር ብዙ፣ የሞተሩም ግስጋሴ ጠንካራ ስለሚሆን ያው ጉድለት ይሸፈናል። «መንገድ ላይ ደህና ነው፣ ስቆም ብቻ ይንዘፈዘፋል» የሚል አሽከርካሪ ስለዚህ እውነቱን ነው፤ ጉድለቱ ግን ሁልጊዜም አብሮት አለ።

የከፍታ ድርሻ

ወደ ኬንያ የሚገቡ ያገለገሉ መኪናዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚራገፉት በሞምባሳ ወደብ ነው። ከባሕር ጠርዝ ተነሥተው 480 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ናይሮቢ ሲደርሱ አየሩ ሳስቶ ይጠብቃቸዋል። በ1,700 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል በ15 በመቶ ገደማ፣ በአዲስ አበባ ደግሞ በ20 በመቶ ገደማ ይቀላል። ከጅቡቲ ወደብ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣ መኪናም የሚገጥመው ይኸው ነው።

ቤንዚን በሚገባ እንዲነድ ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ኢንጀክሽን ያላቸው ሞተሮች የአየሩን ልክ በመለኪያዎቻቸው አውቀው ቤንዚኑን ይቀንሳሉ። ተራ ካርቡራተር (አየርና ቤንዚን የሚያደባልቅ መሣሪያ) ግን ይህን አያውቅም። ሞምባሳ ላይ የተስተካከለ ካርቡራተር ሩንዳ ሲደርስ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላው በጥላሸት ይጠቁራል፣ ጭሱ ይጠቁራል፣ ሚኒሞውም ይወርዳል። ቶዮታን የመሳሰሉ አምራቾች በአንዳንድ ካርቡራተሮች ላይ የከፍታ ማካካሻ የገጠሙት ለዚህ ነው።

ከፍታ የመለኪያ ንባቦችንም ይለውጣል። ጤነኛ ሞተር በሚኒሞ ላይ የሚፈጥረው የመሳብ ኃይል (ቫክዩም) በባሕር ጠለል ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ይደርሳል። በየ300 ሜትሩ 1 ኢንች ያህል ስለሚቀንስ በሩንዳ ከ11 እስከ 15፣ በአዲስ አበባ ደግሞ ከ9 እስከ 13 ኢንች ማንበብ ጤናማ ነው። ኮምፕሬሽንም (በሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር ግፊት) እንዲሁ ዝቅ ብሎ ይነበባል። ለባሕር ጠለል የተጻፈ ሰንጠረዥ ብቻ ይዞ የሚመረምር መካኒክ ጤነኛውን ሞተር «ደክሟል» ብሎ ያስፈታዋል።

የተለመዱ መንስኤዎች

በአሮጌ መኪና ላይ ቀዳሚው ተጠርጣሪ የአየር ስርቆት ነው። ጎማ ቱቦዎች በዕድሜ ይደርቃሉ፣ ይሰነጠቃሉ፤ በካርቡራተሩና በአየር ማስገቢያው ሥር ያሉ ማሸጊያዎችም ይላላሉ። ሁለተኛው የእሳት ክፍል ነው፦ ያረጀ ካንዴላ፣ የተሰነጠቀ የካንዴላ ገመድ፣ የተበላ የዲስትሪቢዩተር ክዳን። ሦስተኛው የተዘጋ የነዳጅ መንገድ ነው፤ የካርቡራተሩ የሚኒሞ ቀዳዳ እጅግ ጠባብ ስለሆነ ጥቂት ቆሻሻ ይበቃዋል። ኢንጀክሽን ባላቸው ላይ ስሮትሉና የሚኒሞ አየር መቆጣጠሪያው በካርቦን ይሸፈናሉ፤ የተበላሸ የሙቀት መለኪያም ሞተሩ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ እንደሆነ ለኮምፒዩተሩ ይነግረዋል። በመጨረሻ የሞተሩ አካል ራሱ አለ፦ ክፍተቱ የጠበበ ቫልቭ፣ የተበላ የፒስተን ፋሻ፣ የተቃጠለ የቴስታታ (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ማሸጊያ።

የናፍታ ሞተር ካንዴላ የለውም። እዚያ መጀመሪያ የሚመረመሩት በነዳጅ መስመሩ ውስጥ የገባ አየርና የኢንጀክተሮቹ ሁኔታ ናቸው።

የምርመራ ቅደም ተከተል

ትክክለኛ ምርመራ ከቀላሉና ገንዘብ ከማያስወጣው ይነሣል። በመጀመሪያ ሞተሩ በደንብ እንዲሞቅ ይደረጋል። መብራትና ኤሲ ይጠፋሉ፤ የአየር ማጣሪያውም ንጹሕ ሆኖ በቦታው መኖሩ ይታያል። ዙሩ ልክ ሆኖ መኪናው ብቻ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ጥፋቱ ሞተሩ ከተቀመጠባቸው ጎማዎች ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ጆሮ ይሠራል። የአየር ስርቆት ብዙ ጊዜ ፉጨት አለው። በቱቦዎቹና በማሸጊያዎቹ ላይ ጥቂት ውኃ ሲረጭ ዙሩ ከተለወጠ ቀዳዳው እዚያው ነው። ከዚያ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ መያዣ የካንዴላ ገመዶች በየተራ ይነቀላሉ። የጤነኛ ሲሊንደር ገመድ ሲነቀል ዙሩ ይወርዳል፤ ምንም ለውጥ ያላሳየው ሲሊንደር ታማሚው እርሱ ነው። የጭስ ማጣሪያ (ካታሊቲክ ኮንቨርተር) ባለው መኪና ይህ ሙከራ አጭር መሆን አለበት፤ ያልነደደ ቤንዚን ማጣሪያውን ያግለዋል።

የካንዴላው ቀለምም ምስክር ነው። ቀላል ቡናማ ጤና ነው፤ ደረቅ ጥላሸት የቤንዚን መብዛት፣ እርጥብ ዘይት የፋሻ ወይም የቫልቭ ድካም ነው። ሲሊንደሩ ካልታወቀ ኮምፕሬሽን ይለካል። እዚህ ላይ ከቁጥሩ ይልቅ ንጽጽሩ ይበልጣል፤ ከሲሊንደሮቹ ዝቅተኛው ከከፍተኛው 75 በመቶ በታች መውረድ የለበትም። የሚኒሞውና የድብልቁ ብሎኖች የሚነኩት ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ መኪናው በሚኖርበት ከፍታ ላይ ነው።

አሮጌ ሞተርና እርሳስ አልባ ቤንዚን

የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም ዋና መሥሪያ ቤት የሚገኘው ከሩንዳ አጠገብ በጊጊሪ ነው። እርሳስ ያለበትን ቤንዚን ለማስቀረት እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረውን ዓለም አቀፍ ዘመቻ የመራው ይህ ድርጅት ነው። ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2006 መጀመሪያ እርሳስ ያለበትን ቤንዚን ተዉ፤ በ2021 ደግሞ በዓለም ዙሪያ ለመኪና መሸጡ አበቃ። ለሕዝብ ጤና ታላቅ ድል ነው። ለስላሳ የቫልቭ መቀመጫ ያላቸው በጣም አሮጌ ሞተሮች ግን እርሳሱ ይሰጣቸው የነበረውን መከላከያ አጥተዋል። መቀመጫው ሲበላ የቫልቩ ክፍተት ይጠብና ኮምፕሬሽን ያመልጣል፤ ይህም መጀመሪያ የሚታየው ሚኒሞ ላይ ነው። መድኃኒቱ ክፍተቱን በየጊዜው መለካትና ቴስታታው ሲወርድ ጠንካራ መቀመጫ ማስገባት ነው።

ጥንቃቄ

በሩንዳ እንደሚታየው በተዘጋ የግቢ ጋራዥ ውስጥ ሞተር አስነሥቶ መመርመር ሕይወት ያሳጣል፤ በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ምርመራው በገላጣ ቦታ ይሁን። የካርቡራተር ማጽጃ በጋለ ጭስ ማውጫ አጠገብ አይረጭ፤ ከሚሽከረከረው ማራገቢያም እጅና ልብስ ይራቁ።

ኬንያ ከተሠሩ 8 ዓመት ያለፋቸው መኪናዎች እንዳይገቡ ትከለክላለች፤ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎችን ማስገባት ከልክላለች። ስለዚህ በእጅ ያለው አሮጌ ሞተር ገና ብዙ ዓመት ያገለግላል። ለእንዲህ ያለ ሞተር የሚኒሞውን ብሎን አጥብቆ ዙሩን ከፍ ማድረግ ሕመሙን መደበቅ እንጂ ማከም አይደለም። ብሎኑ የምርመራው መጨረሻ ነው።