የበሽሎ ሸለቆ

የበሽሎ ሸለቆ በአማራ ክልል፣ በወሎ ምዕራባዊ ደጋ መካከል የሚገኝ ጥልቅ የወንዝ ሸለቆ ነው። በሽሎ ከዓባይ ገባሮች አንዱ ሲሆን፣ ሸለቆው በ1860 ዓ.ም. በተካሄደው የመቅደላ ዘመቻ ይታወቃል።

== መልክዓ ምድር ==
ወንዙ ከኩታበር በስተ ምዕራብ ይነሣል። መጀመሪያ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ከዚያም ወደ ደቡብ ምዕራብ ፈስሶ ከመካነ ሰላም በስተ ሰሜን ምዕራብ ዓባይን ይቀላቀላል። ከገባሮቹ መካከል ዥጣ (ጂዳ) እና ጨጨሆ ይገኛሉ። የወንዙ ተፋሰስ ከ13,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሸፍናል። በታችኛው ክፍሉ አማራ ሳይንትን ከደቡብ ጎንደር ይለያል።

ከደላንታ አምባ እስከ ወንዙ ያለው ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር ይበልጣል። በመሆኑም በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ገብስና ባቄላ ከሚበቅልበት ደጋ ተነሥቶ ማሽላ ወደሚዘራበት ቆላ መውረድ ይቻላል። በክረምት ወንዙ ሲሞላ በእግር መሻገር አይቻልም።

== ታሪክ ==
በሽሎ በቀድሞው ዘመን በበጌምድርና በአማራ አውራጃዎች መካከል ወሰን ነበር።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ በጋፋት የተሠራውንና 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል መድፍ ወደ መቅደላ አስጎተቱ። ለመድፉ ማለፊያ የዥጣና የበሽሎ ገደሎች እየተናዱ መንገድ ወጣባቸው። ጉዞው ግማሽ ዓመት ያህል ፈጀ፤ ንጉሡ መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ወር ነው።

ከኋላ የመጣው በጄኔራል ሮበርት ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦርም በዚሁ መንገድ ተጠቀመ። ሚያዝያ 3 ቀን፣ በዕለተ ስቅለት፣ በሽሎን ተሻግሮ ከመቅደላ ግርጌ ባለው አሮጌ ሜዳ ላይ ከንጉሡ ሠራዊት ጋር ተዋጋ። በውጊያው ፊታውራሪ ገብርዬን ጨምሮ ብዙ መቶ ኢትዮጵያውያን ሲወድቁ፣ ከእንግሊዞች የሞቱት ሁለት ብቻ ነበሩ። ሚያዝያ 6 ቀን መቅደላ ተያዘ፤ ዐፄ ቴዎድሮስም ራሳቸውን ሠዉ። የእንግሊዝ ጦር ከአምባው የዘረፋቸውን የብራና መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት ይዞ በሽሎን ዳግም ተሻግሮ ተመለሰ።

ሴባስቶፖል መድፍ ዛሬም በመቅደላ ይገኛል። አምሳያው በአዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል።