ቢጫዋ ቆርቆሮ

ሜሪላንድ ያላችሁ ወዳጆቼ፣ ይህችን ቢጫና ሰማያዊ ቆርቆሮ የማያውቅ አለ? «ኦልድ ቤይ» ትባላለች። የአገሬው ሰው ሸርጣን ሲያበስል እሷን ሳይነሰንስ አይሆንለትም፤ ድንች ጥብሱ፣ በቆሎው፣ ፈንዲሻው ሳይቀር ላይ ያደርጋታል። ከእኛ ብዙዎቻችን ሸርጣኑን አንነካም፤ ድንቹ ላይ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ሚጥሚጣን ታስረሳለች።

የቀመማት ሰው የባልቲሞር ዓሣ አጥማጅ የሚመስለው ብዙ ነው። አይደለም። ጉስታቭ ብሩን የሚባል ጀርመናዊ አይሁድ ነው፤ በአገሩም ቅመም ነጋዴ ነበር። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1938 ናዚዎች ምኩራብ ባቃጠሉበት፣ ሱቅ በሰባበሩበት ሰሞን ተይዞ ቡኸንቫልድ ማጎሪያ ገባ። ሲለቀቅ ቤተሰቡን ይዞ ባልቲሞር ተሰደደ፤ ከዕቃው መካከልም ትንሽ የእጅ ቅመም መፍጫ ነበረች። ከአዲስ አበባ የመጣ ዘመድ ሻንጣ ሲከፈት በርበሬና ሽሮ እንደሚወጣ ታውቁታላችሁ። በርበሬው ያልቃል። ይሄ ሰውዬ መፍጫውን ነው ያመጣው!

ልጁ በኋላ እንደተረከው፣ አባቱ መጀመሪያ የተቀጠረው በከተማው ትልቅ የቅመም ኩባንያ፣ በማኮርሚክ ነበር፤ አይሁድነቱ ሲታወቅ በቀናት ውስጥ ተባረረ። ታዲያ በ1939 ከዓሣ ጅምላ ገበያው ፊት ለፊት የራሱን ንግድ ከፈተ። ዓሣ ነጋዴዎቹ ለሸርጣን የሚሆን ቅመም እየመጡ ሲገዙት፣ የሚገዙትን እያየ የራሱን ቀመመ፦ የሴለሪ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ቀይ በርበሬ፣ ፓፕሪካ፣ ሌላም ሌላም። ማንም እንዳይገለብጠው ደግሞ ለሸርጣን ይሆናል ተብሎ የማይታሰብ ነገር ጥቂት ጥቂት ጣል አደረገበት። መጠጥ ቤቶቹ ለምን ወደዱት መሰላችሁ? ሸርጣን ያኔ ርካሽ ነበር፤ ጨውና በርበሬ የበዛበት የበላ ሰው ደግሞ ቢራ ይደጋግማል።

የመጀመሪያ ስሙ ረጅም፣ ለአፍ የማይመች ነበር። «ኦልድ ቤይ» የተባለው በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ፣ በባልቲሞርና በኖርፎክ መካከል ይመላለስ በነበረው የመርከብ መስመር ስም ነው።

በ1990 ኦልድ ቤይን ማን ገዛው? ማኮርሚክ። ይህን ስነግራቸው የሚስቁ አሉ፤ እኔን ግን አያስቀኝም። ዛሬ ቆርቆሮዋ ቲሸርትና ካልሲ ላይ ታትማ «የሜሪላንድ ልጅ ነኝ» ማለቻ ሆናለች፤ ከለባሾቹ ስንቱ ስለ ስደተኛው ሰምቷል?

በ2020 በዚሁ ስም የወጣው የሚያቃጥል ስጎ በኢንተርኔት ለሽያጭ በቀረበ አንድ ሰዓት ሳይሞላው አለቀ። ለእኔ አልደረሰኝም። ዶሮ ወጥ ላይ የሞከራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ፤ እኔማ ባለቤቴን ፈርቼ አልሞከርኩም።