ከሐኪም ቤት በፊት ትምህርት ቤት

ጎንደር ኮሌጃችን በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት ሐኪም አልነበረም የሚያስመርቀው። የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን በቡድን ሰልጥነው ገጠር ይወርዱ ነበር። ነገሩ ገብቷቸዋል! ትራኮማ የሚደጋግመው በልጅነት ነው፤ ዓይን የሚያጠፋው ግን ከብዙ ዓመት በኋላ። እኔ ዘንድ የምትመጣው እናት ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌኗን ፍቆታል። ቀዶ ሕክምናው ፍተጋውን ያስቆማል እንጂ የጠፋውን ብርሃን አይመልስም። እሷን መድረስ የነበረብን አንደኛ ክፍል ሳለች፣ በውሃና በሳሙና ነው።

በ2011 ዓ.ም. የማሕፀን በር ካንሰር ክትባት ለ14 ዓመት ልጃገረዶች በየትምህርት ቤቱ መሰጠት ሲጀምር፣ ያንኑ የድሮውን መንገድ አየሁበት። ግን ከትምህርት የቀረችዋስ? ቧንቧው የደረቀበት ትምህርት ቤትስ?

እንግዲህ ጓዶች፣ ከዘንድሮው መዋጮ የሚተርፈውን ለአንድ ትምህርት ቤት የውሃ ሮቶ እናውለው።