ስማችንን ለማዛወር የጠበቅናቸው 60 ቀናት

 የዚህ መጽሔት አዘጋጆች ስለ ማኅበሩ ድረ ገጽ ታሪክ ጥቂት እንድንጽፍ ጠይቀውናል። እኛ በካርቲየ 7 ቢስ ሱቅ ከፍተን የምንኖር ሰዎች እንጂ የኮምፒውተር ሊቃውንት አይደለንም፤ ሆኖም በ2018 ከአንድ መዝጋቢ ድርጅት ጋር የገጠምነውን ሙግት ልንተርክላችሁ ወደድን። ዓመቶቹን የጻፍነው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

እንደሚታወቀው ድረ ገጻችን ከሀገር ሀገር የተበተኑት ልጆቻችን የእድራችንን መርዶ የሚሰሙበት፣ የአባቶቻቸውን የድሮ ፎቶግራፍ የሚያዩበት ነው። ስሙን ያስመዘገበልን አንድ ወጣት አባላችን ነበር፤ በራሱ ስም፣ በራሱ ኢሜይል፣ በራሱ ካርድ። በኋላ ወደ ካናዳ ሄደ። ለካ በመዝገቡ ላይ ባለቤቱ እሱ እንጂ ማኅበሩ አልነበረም፤ ላም አለኝ በሰማይ ይሉት ሆነብን። ፕላስ ሜኔሊክ የ27 ጁን 1977 አደባባይ ተብሎም ሰው እስከ ዛሬ ሜኔሊክ ይለዋል። የኢንተርኔት ስም ግን በልማድ አይጸናም፤ ባለቤቱ መዝገብ ላይ የተጻፈው ነው።

ስለዚህ ኮሚቴው ሁለት ነገር ወሰነ፦ ስሙ ወደ ማኅበሩ እንዲዞር፣ ከዚያም በፈረንሳይኛ ወደሚያነጋግረን ሌላ መዝጋቢ እንዲዛወር። የመጀመሪያው በአንድ ቀን አለቀ። ሁለተኛውን ስንጠይቅ “60 ቀን ጠብቁ” የሚል መልስ መጣ። የስሙ ዘመን ሊያበቃ የቀረው ደግሞ 41 ቀን ብቻ ነበር። ሳይታደስ ቀርቶ ቢለቀቅ ማንም አንስቶ ሊወስደው ይችላል። ኪራይ ከፍለህ ያስቀመጥከውን ዕቃ አውጥተህ ወደ ሌላ መጋዘን እንዳታስገባ ብትከለከል ምን ትላለህ? እኛም ያልነው እሱን ነው። የዓመት ክፍያ አስገድደው ሊቀበሉን ነው ብለን በፈረንሳይኛም በእንግሊዝኛም አቤቱታ ጻፍን።

ነገሩን ስናጣራ ግን የ60 ቀኑ ታሪክ ካሰብነው በላይ ረጅም ሆኖ አገኘነው። እስከ 1999 ድረስ የዶት ኮም ስም የሚመዘግበው ኔትወርክ ሶሉሽንስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ብቻ ነበር፤ ከ1995 ጀምሮም ለሁለት ዓመት 100 ዶላር ያስከፍል ነበር። መዛወሪያ ሌላ ቤት ስለሌለ የመዛወር ጠብም አልነበረም። በ1998 አይካን ተቋቋመ፤ በማግስቱ ዓመት ገበያው ለሌሎች መዝጋቢዎች ተከፈተ። ያኔ አንዱ የሌላውን ደንበኛ መያዝ፣ ዝም ብሎም ማዘግየት መጣ። ለዚህም አይካን ከኅዳር 12 ቀን 2004 ጀምሮ አዲስ ደንብ አወጣ፤ የቀድሞው መዝጋቢ በአምስት ቀን ውስጥ መልስ ካልሰጠ ዝውውሩ ይቀጥላል የሚል። አዲስ የተመዘገበን ወይም ገና የተዛወረን ስም ግን መዝጋቢው 60 ቀን እንዲይዝ ፈቀደ።

ከሁለት ወር ገደማ በኋላ፣ በጥር 2005፣ ፓኒክስ የተባለው የኒው ዮርክ የቆየ የኢንተርኔት አቅራቢ ስሙን ተነጠቀ። ባለቤቶቹ ሳያውቁ ስሙ አውስትራሊያ ወዳለ መዝጋቢ ተዛወረ። ጊዜው ቅዳሜና እሁድ ስለነበር ቶሎ የሚደርስላቸው ሰው ጠፋ፤ የደንበኞቻቸውም ኢሜይል መንገዱን ሳተ። ይህን ስናነብ ንዴታችን ትንሽ በረደ። ሌባ የባለቤቱን ስም ቀይሮ ከአንዱ መዝጋቢ ወደ ሌላው ቢያሸጋግረው ፍለጋው አያልቅም።

ሆኖም የእኛ ዓይነቱ ጉዳይ ማለትም የባለቤት ስም ሲቀየር መታገዱ፣ ራሱ ሲያከራክር የኖረ ነው። አንዳንድ መዝጋቢዎች በራሳቸው ሥልጣን ያግዱ ነበር። በ2008 አይካን የባለቤት መረጃ መቀየሩ ብቻውን ዝውውር ለመከልከል በቂ ምክንያት አይደለም አለ። ከታኅሣሥ 1 ቀን 2016 ወዲህ ግን እገዳው ራሱ ደንብ ሆነ። አንድ ቀዳዳ ተውለት፦ መዝጋቢው ከፈቀደ፣ የቀድሞው ባለቤት ለውጡ ከመደረጉ በፊት “እገዳው ይቅርብኝ” ማለት ይችላል። (ዶት ኢቲና ዶት ዲጄን የመሰሉ የሀገር መለያዎች በዚህ ደንብ አይገዙም፤ የየራሳቸው ሥርዓት አላቸው።)

እንግዲህ የቀድሞው ባለቤት ማን ነው? ካናዳ ያለው ልጃችን። ደወልንለት። “ጋሼ፣ ደብዳቤውስ መጥቶልኝ ነበር። ሥራ ላይ ስለነበርኩ ሳላነበው እሺ የሚለውን ነካሁት” አለን። ማስጠንቀቂያው ለእሱ ደርሶታል፣ እገዳው ይቅርብኝ የሚለው ምርጫም እዚያው ነበር። በሙግቱ ተረታን። ልጁን አልተቆጣነውም፤ ያን ሁሉ ዓመት ከኪሱ ሲከፍል የነበረው እሱ ነው፣ እኛ አንድ ቀን እንኳ ደረሰኙን አልጠየቅነውም።

ከመጀመሪያውም ቅደም ተከተሉን አሳስተናል። ስሙን በልጁ ስም እንዳለ አዛውረን ባለቤቱን በኋላ ብንቀይር ኖሮ ያ እገዳ አያገኘንም ነበር። በዚያ ላይ ሲዛወር የአንድ ዓመት እድሳት አብሮ ይጨመራል፤ 41ዱ ቀንም ባላስጨነቀን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ከእድሩ ሣጥን አውጥተን ለአንድ ዓመት እዚያው አሳደስነው። 60ው ቀን ሲሞላ የማስተላለፊያ ኮዱን ጠየቅን፣ ሰጡን፣ ስሙም ተዛወረ፤ የከፈልነው ዓመትም አብሮን መጣ። ይህ እገዳ ብዙ ሰው ስላማረረ ከዚያ ወዲህ በአይካን ዘንድ እንደገና ሲመረመር ቆይቶ እንዲሻሻል ሐሳብ ቀርቧል። አሁን ስሙ በማኅበሩ ተመዝግቧል። የይለፍ ቃሉን ሊቀመንበሩና ገንዘብ ያዡ ያውቁታል፤ ደረሰኙም ከእድሩ መዝገብ ጋር ተቀምጧል።