ስለ ቧንቧ ድምፅና ስለ ጎረቤት ትዕግሥት

ሰው ለኑሮው የሚጠቅመውን ነገር ወደ ቤቱ ባስገባ ቁጥር የዚያኑ ነገር ድምፅ አብሮ ያስገባል። ከብት ያስገባ የከብት ድምፅ፥ ወፍጮ የተከለ የወፍጮ ድምፅ ይሰማል። ውሃን በቧንቧ ወደ ቤቱ የሳበም ሰው የቧንቧውን ድምፅ መስማቱ አይቀርም። ቤቱ የአንድ ሰው ብቻ የሆነ እንደ ሆነ ይህ ቀላል ነገር ነው፤ የሚሰማውም የሚያድሰውም እርሱ ራሱ ነውና። ብዙ ቤተ ሰብ በአንድ ጣራ ሥር፥ ይልቁንም በኪራይ፥ በሚኖርበት ፎቅ ቤት ግን ነገሩ የጠባይ ፈተና ይሆናል። አንዱ የከፈተው ውሃ የሌላውን እንቅልፍ ይነሣል። እንግዲህ ተከራይ የሆነ ሰው እንዲህ ያለውን ሁከት ሊታገሠው ይገባዋልን? ወይስ ሊናገር? በዚህ ጽሑፍ የምመረምረው ይህን ነው።

አስቀድሞ ግን ያማረርንበት ነገር ከየት እንደ መጣ ማወቅ ይገባል። እኔ ያደግሁት የደራ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በአንበሳሜ ነው። በልጅነቴ ውሃ የሚመጣው ከምንጭና ከወንዝ፥ በእንስራና በጀሪካን፥ በእናቶቻችንና በእኅቶቻችን ጀርባ ነበር። 20 ሊትር የሚይዝ አንድ ጀሪካን ውሃው ብቻ 20 ኪሎ ይመዝናል፤ ይህንንም ተሸክሞ ዳገት መውጣት ምን ያህል እንደ ሆነ የተሸከመ ያውቀዋል። ያ ውሃ ሌሊት ከእንቅልፋችን ቀስቅሶን አያውቅም። ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው ወደ ምንጭ የሚወርዱት ግን ስለ እርሱ እንቅልፋቸውን ያጡ ነበር። ስለዚህ የቧንቧን ድምፅ የሚነቅፍ ሰው የእንስራውን ዘመን ረስቶ ባይነቅፍ መልካም ነው።

ውሃን ከምንጩ መርቶ ወደ ሕንፃ ማምጣት በአገራችን እንግዳ ጥበብ አይደለም። በጎንደር፥ በ17ኛው መቶ ዓመት የነገሡት የዐፄ ፋሲል መዋኛ የሚባለው ገንዳ በቦይ ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውሃ ይሞላል፤ እስከ ዛሬም የጥምቀት በዓል ይከበርበታል። በብረት ቧንቧ የተሳበው ውሃ ታሪክ ደግሞ ከዐፄ ምኒልክ ጋር የተያያዘ ነው። በ1880ዎቹ ዓ.ም. የስዊስ ተወላጅ የሆነው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ተራራ ውሃ በቧንቧ ስቦ ወደ አዲስ አበባው ቤተ መንግሥት አመጣ። ውሃው ከተራራው ወርዶ፥ ቆላውን አልፎ፥ ቤተ መንግሥቱ ወደ ተሠራበት ጉብታ እንደ ገና ሲወጣ ያየ ሰው ሁሉ ተደነቀ። ምክንያቱ ግን ቀላል ነበር፤ እንጦጦ ከቤተ መንግሥቱ ይልቅ ከፍ ያለ ነውና፥ ከላይ ያለው ውሃ ክብደት የታችኛውን ይገፋዋል። ያው የሚገፋ ኃይል ነው ዛሬ ሌሊት በግድግዳችን ውስጥ የሚያጓራው።

ከዚያ በኋላ ከተማይቱ እየሰፋች ስትሄድ በመጀመሪያ ገፈርሳ፥ ከ1960ዎቹ ጀምሮም ለገዳዲ ግድብ ውሃ ይሰጧት ጀመር። በየሰፈሩ ቦኖ ተተከለ፤ ቀጥሎም ቧንቧ ወደ ግቢ፥ ከግቢም ወደ ቤት ገባ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች በተሠሩ ጊዜ ደግሞ አንድ ቧንቧ ብዙ ቤቶችን አቋርጦ ወደ ላይ የሚወጣ ሆነ። ውሃው ከሕዝቡ ቍጥር ጋር ስላልተመጣጠነ በብዙ ሰፈር በተራ ይታደላል። በደብረ ታቦርና በባሕር ዳርም ፎቅ ቤት እየበዛ ስለ ሄደ ይህ የአዲስ አበባ ሰው ጉዳይ ብቻ አይደለም።

በተከራየው ቤት ጩኸት የተቸገረ ሰው ከጥንትም ነበረ። በሮማ የነበረው ፈላስፋ ሴኔካ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በመጀመሪያው መቶ ዓመት፥ ከሕዝብ መታጠቢያ ቤት በላይ በሚገኝ ማደሪያ ይኖር ነበር። ለወዳጁ ለሉቂልዮስ በጻፈው ደብዳቤ የሚሰማውን ድምፅ አንድ በአንድ ይቈጥራል፤ ክብደት የሚያነሣው ሰው ሲያቃስት፥ ታሺው በእጁ ሲመታ፥ ሌላው ገንዳ ውስጥ ዘሎ ሲገባ፥ ምግብ የሚሸጠው ሲጣራ። ከዚህ በኋላ፥ እውነተኛ ጸጥታ ያለው በሰው ልቡና ውስጥ ነው፥ ልቡናው የታወከ ሰው በዝምታም መካከል አያርፍም ይላል። ይህ ትልቅ ቃል ነው። ነገር ግን አንባቢ ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው ያነበበ እንደ ሆነ ፈላስፋው ከዚያ ቤት ሊወጣ መቍረጡን ያገኛል። ራሴን ልፈትን ብዬ ነበር፥ ከዚህ በላይ ግን ለምን ልሠቃይ ይላል።

እኔ በዚህ ምክንያት ሴኔካን አልነቅፈውም፤ እንዲያውም አመሰግነዋለሁ። ትዕግሥትን ካስተማረ በኋላ የትዕግሥትን ወሰን አሳይቶናልና። ሆኖም ሴኔካ ባለጠጋ ነበር፤ ሌላ ቤት ነበረው። ደመወዙን ተቀብሎ እኩሌታውን ለኪራይ የሚከፍል ሰው ግን ልቡናው ቢታወክ ወዴት ይሄዳል? ለእንዲህ ያለው ሰው የሚቀረው መንገድ የድምፁን ምክንያት ማወቅና ከጎረቤቶቹ ጋር መመካከር ነው።

የቧንቧ ድምፅ ምክንያቱ የታወቀ ነው። ውሃ በተራ በሚመጣበት ሰፈር ቧንቧው ባዶ በሆነ ጊዜ አየር ይሞላዋል። ውሃው ሲመለስ ያን አየር እየገፋ ስለሚመጣ ቧንቧው ያስላል፥ ያፏጫል፥ ያጓራል። ሁለተኛው ድምፅ እንደ መዶሻ የሚመታው ነው። በቧንቧ ውስጥ የሚሮጥ ውሃ በድንገት ሲዘጋበት መቆሚያ ያጣና ቧንቧውን ይመታዋል። ይህንን የሩሲያው ሊቅ ኒኮላይ ዡኮቭስኪ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1897ና በ1898 በሞስኮ የውሃ መሥመሮች ላይ መርምሮ ገለጠው። በብረት ቧንቧ ውስጥ በሰኮንድ 1 ሜትር የሚጓዝ ውሃ በቅጽበት ቢዘጋበት፥ ከ100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የውሃ ዓምድ የሚጫነውን ያህል ግፊት ይፈጠራል። በቀስታ የተዘጋ ውሃ ግን አይመታም። ደግሞም ይኸው ምት መልካም ሥራ ይሠራል። ፈረንሳዊው ዮሴፍ ሞንጎልፊዬ በ1796 ያለ ሞተር፥ በራሱ በውሃው ምት ብቻ፥ ውሃን ወደ ላይ የሚያወጣ መሣሪያ አበጀ። ያልተገራው ኃይል ቤት ያናውጣል፤ የተገራው የተጠማ ያጠጣል።

ይህን በዓይኔ ያየሁት ከጥቂት ዓመታት በፊት፥ ለሥራ ወደ አዲስ አበባ ሄጄ በአንድ የኮንዶሚኒየም ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ በተከራየሁ ጊዜ ነው። ውሃ በሳምንት ሁለት ሌሊት ብቻ፥ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ፥ ይመጣ ነበር። በመጣም ጊዜ ግድግዳው እንደ ሙቀጫ ይመታ ጀመር። ከእኛ በታች አራስ ነበረች፤ ሕፃኑ በየምቱ እየደነገጠ ያለቅስ ነበር። ልታርሳት የመጣችው እናቷ አራተኛ ፎቅ ያሉት ሰዎች ሌሊት ቡና የሚወቅጡ መሰላት። አራተኛ ፎቅ ያሉት ደግሞ ከታች ያለ ሰው በቂም ጣራውን የሚደበድብባቸው መሰላቸው። እንዲህ ሆነው ለወራት ያህል በደረጃው ላይ ሲገናኙ ሰላምታ እንኳ አይለዋወጡም ነበር። ለአንዱ አከራይ በስልክ ቢነገረው፥ ካልተመቸህ ልቀቅ አለ። ተከራዮቹም ኪራይ እንዳይጨመርባቸው ፈርተው፥ ዝም አይነቅዝም እያሉ ተቀመጡ።

በመጨረሻ አሮጊቷ አንድ ቀን ደረጃውን እየተደገፈች ወጥታ የሁላችንንም በር አንኳኳች። «ልጆቼ፥ እኔ ጠብ አልፈልግም፤ ሌሊት የምትወቅጡት ምን እንደ ሆነ ብቻ ንገሩኝ» አለች። «እማማ፥ እኛ አንወቅጥም፤ እኛም እርስዎ ዘንድ ያለ መስሎን ነበር» አሏት። በሚቀጥለው የውሃ ሌሊት ሁላችንም በደረጃው ላይ ቆመን አዳመጥን። መጀመሪያ አየሩ አጓራ፤ ከዚያም ምቱ ከአንድ ሮቶ አጠገብ ተሰማ። የሮቶው ተንሳፋፊ አርጅቶ፥ ውሃው ሊሞላ ሲል ደጋግሞ ይከፍትና በኃይል ይዘጋ ነበር። ከግድግዳው የተላቀቀው ቧንቧም ምቱን እየተቀበለ ወደ ሁሉ ቤት ያደርሰዋል። በነጋው የቧንቧ ሠራተኛ ጠርተን ተንሳፋፊው ተለወጠ፥ ያለቀው ጎሚኒ ተቀየረ፥ ቧንቧው በማሰሪያ ተያዘ፥ የሕንፃው ዋና መዝጊያም ጥቂት ጠበብ ተደረገ። ገንዘቡን ተዋጣን፤ ካከራዮቹ ሁለቱ ድርሻቸውን መለሱልን፥ አንዱ አልመለሰም። የአየሩ ድምፅ ግን ጨርሶ አልቀረም። ለዚህም በተራ እየነቃን የላይኛውን ቧንቧ በጥቂቱ ከፍተን አየሩን ለማስወጣት ተስማማን። ሕፃኑም ያን ያህል አይደነግጥም ነበር።

አንባቢ ሆይ፥ በዚያ ሕንፃ ከእንቅልፉ ይልቅ ሊጠፋ የነበረው ጉርብትናው ነው። ቧንቧው ለወራት ሲመታ ሰዎቹ እርስ በርሳቸው ተጠራጠሩ፤ ዝምታቸውም ከውጭ ትዕግሥት መስሎ ከውስጥ ቂም ያሳድግ ነበር። ዝም አይነቅዝም የሚለው ተረት ለክፉ ንግግር መልካም መከልከያ ነው፤ ሊጠገን የሚችል ነገር ሲበላሽ ግን ዝምታም ይነቅዛል።

ሕጋችንም ይህንን ያስባል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሀብት ባለቤት ከመልካም ጉርብትና ወሰን ያለፈ ጢስ፥ ሽታ፥ ድምፅና መናወጥ በጎረቤቱ ላይ እንዳያደርስ ያዛል፤ አከራይም ያከራየውን ቤት ለአገልግሎት በሚበቃ ሁኔታ ጠብቆ እንዲያቆይ ግዴታ ያደርግበታል። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ የከተማ ቤቶች በተወረሱ ጊዜ ኪራይ ቀነሰ፤ ማን ያድሳል የሚለው ጥያቄ ግን በብዙ የቀበሌ ቤት እንደ ተንጠለጠለ ቀረ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 370 የጋራ ሕንፃ ባለቤቶች በማኅበር ሆነው የጋራ የሆነውን ክፍል እንዲያስተዳድሩ ደነገገ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320 ደግሞ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ አደረገ። ቢናገር በማግሥቱ ልቀቅ እባላለሁ ብሎ ለሚፈራ ተከራይ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሆኖም በር አንኳክቶ «ምን እንደ ሆነ ንገሩኝ» የሚል ሰው ከሌለ ሕጉ በወረቀት ላይ ይቀራል።

እንግዲህ ምክሬ አጭር ነው። ተከራይ የሆንህ፥ ውሃውን ስትዘጋ በቀስታ ዝጋ፤ ከአንተ በታች የሚተኛ ሰው አለና። ድምፅ ቢያስቸግርህ ጎረቤትህን ከመጠርጠርህ በፊት ጠይቀው። አከራይ የሆንህ፥ የምትቀበለው ኪራይ የግድግዳው ብቻ ሳይሆን የእንቅልፉም ዋጋ እንደ ሆነ አስብ፤ የአንድ ጎሚኒ ወጪ ለማዳን ብለህ በተከራይህ ትዕግሥት አትነግድ። ሊለወጥ የማይችለውን፥ ለምሳሌ ውሃው በሌሊት መምጣቱን፥ ሁላችንም አብረን እንታገሥ፤ በዚያ ሰዓት በአንበሳሜ ዙሪያ እንስራ አዝላ ወደ ምንጭ የምትወርድ ሴት እንዳለች እያሰብን። ሊለወጥ የሚችለውን ግን በጊዜው እንናገር፥ አዋጥተንም እንጠግን።