ወደ ቲሁዋና መሄጃው ሰፊ፣ መመለሻው ጠባብ

ባለፈው ዓመት የእህቴን ልጅ ሠርግ ለመታደም ወደ ሳንዲያጎ፣ ካሊፎርኒያ ሄጄ ነበር። ሠርጉ ሳምንት ሲቀረው ሚዜዎቹ ሳሎን ተሰብስበው ሲመካከሩ፣ እኔም ጥግ ይዤ ቡናዬን ስጠጣ፣ «ቅዳሜ ማታ ቲሁዋና» የሚል ወሬ ጆሮዬ ገባ። የሙሽራውን የወንደላጤነት ስንብት ድንበር ተሻግረው፣ ሜክሲኮ ውስጥ ሊያከብሩለት አስበዋል። የሕግ ሰው አመሉ አይለቀውምና «ምን ይዛችሁ ነው የምትሻገሩት?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ጋሼ፣ መንጃ ፈቃድ አለን። ደግሞ ሲወጡ ማንም አይጠይቅዎትም» አለኝ አንደኛው ሚዜ።

ልጁ ግማሹን እውነት ተናግሯል። ከአሜሪካ በእግር ወይም በመኪና ወደ ሜክሲኮ ሲወጣ፣ በአሜሪካ በኩል ሰነድ የሚጠይቅ መኮንን ብዙውን ጊዜ አያጋጥምም። ጥያቄው ያለው ሲመለሱ ነው። በጨዋታ መካከል የአራቱን ሁኔታ ለየሁ። ሙሽራው የአሜሪካ ዜግነት ወስዷል። አንደኛው ሚዜ ግሪን ካርድ አለው። ሁለተኛው ጥገኝነት ጠይቆ ውሳኔ መጠበቅ ከጀመረ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ባለቤቱና ልጁ አዲስ አበባ ናቸው። ሦስተኛው ለሠርጉ ብሎ ከአዲስ አበባ በጎብኚ ቪዛ የመጣ ነው። በምሽት ክበብ በር ላይ ለሚቆመው ጥበቃ አራቱም እኩል ናቸው፤ ዕድሜያቸውን አይቶ ያስገባቸዋል። በድንበሩ መስኮት ለተቀመጠው መኮንን ግን አራት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሳሳኝም ይኸው ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለምን ቲሁዋና?

የሳን ኢሲድሮ ኬላ ከሳንዲያጎ መሀል ከተማ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው። የከተማው ባቡር እስከ ድንበሩ ድረስ ያደርሳል። በምዕራቡ ንፍቀ ክበብ እንደ እሱ መንገደኛ የሚበዛበት የየብስ ኬላ የለም ይባላል። በካሊፎርኒያ አልኮል ለመጠጣት 21 ዓመት መሙላት ግድ ሲሆን በሜክሲኮ 18 ይበቃል። ዋጋውም ይቀንሳል።

ታሪኩ የቆየ ነው። አሜሪካ ከ1920 እስከ 1933 አልኮል መሸጥን በሕገ መንግሥት ከልክላ በነበረበት ዘመን የተጠማው ሁሉ ወደ ቲሁዋና ይጎርፍ ነበር። ዛሬ አቬኒዳ ሬቮሉሲዮን የሚባለው ጎዳና ስሙን ያተረፈው ያኔ ነው። ከዚያ አለፍ ብሎ ሶና ኖርቴ የሚባለው ሰፈር ደግሞ የወሲብ ንግድ በግላጭ የሚካሄድበት ነው። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ሱዳን በ1983 አልኮልን በሕግ ከከለከለች በኋላ ከገላባት ወደ መተማ ዮሐንስ ለቢራ የሚሻገረውን ሰው ያየ፣ የድንበር ከተማን ጠባይ ያውቀዋል። በአንድ ወገን የተከለከለው በሌላው ወገን ገበያ ይሆናል።

«አሜሪካዊ ነኝ» ማለት ይበቃ የነበረበት ዘመን

«ድሮ እኮ ዝም ብለን ነበር የምናልፈው» የሚሉ የቆዩ የሳንዲያጎ ነዋሪዎች አልተሳሳቱም። ለረጅም ዘመን አንድ ሰው ከሜክሲኮ ሲመለስ «የአሜሪካ ዜጋ ነኝ» ብሎ በቃሉ ከተናገረ መኮንኑ አምኖ ሊያሳልፈው ይችል ነበር። ከመስከረም 2001ዱ ጥቃት በኋላ ይህ ልማድ እንዲቀር ተወሰነ። ከጥር 31 ቀን 2008 ጀምሮ የቃል ማረጋገጫ ብቻውን መቀበል ቆመ። ከሰኔ 1 ቀን 2009 ጀምሮ ደግሞ በየብስ የሚመለስ ዜጋ ሁሉ ፓስፖርት ወይም በሕጉ የተዘረዘረ ሌላ ሰነድ እንዲያሳይ ተደነገገ።

የዚያ ዘመን ጠባሳ ግን ዛሬም አለ። በ1996 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ፣ ዜጋ ሳይሆን «የአሜሪካ ዜጋ ነኝ» ያለን ሰው፣ ከጥቂት ጠባብ ሁኔታዎች በቀር ለዘለቄታው ወደ አገሪቱ እንዳይገባ ያግዳል። ለዚህ እገዳ ይቅርታ ማግኘት እጅግ አስቸጋሪ ነው። ሌሊት ለስምንት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ፣ ቢራ ቀምሶ፣ ወረፋ ለማሳጠር የተወረወረች አንዲት ቃል ዕድሜ ልክ ታስከፍላለች ማለት ነው።

ማን ምን ይያዝ?

ዜጋው። የአሜሪካ ፓስፖርት፣ ወይም ለየብስና ለባሕር ብቻ የሚያገለግለውን የፓስፖርት ካርድ ይይዛል። ቀድመው ተመርምረው ለተመዘገቡ ተመላላሾች የሚሰጠው የሴንትሪ ካርድም ይሠራል። አምስት ክፍላተ ሀገር፣ ማለትም ዋሽንግተን፣ ሚኒሶታ፣ ሚሺጋን፣ ኒው ዮርክና ቬርሞንት፣ ድንበር የሚያሻግር ልዩ መንጃ ፈቃድ ይሰጣሉ። ካሊፎርኒያ የለችበትም። ከግንቦት 2025 ጀምሮ ለአገር ውስጥ በረራ የሚጠየቀው ባለኮከቡ መንጃ ፈቃድም ድንበር አያሻግርም፤ ብዙዎችን የሚያሳስተው ይህ ነው። ባለኮከቡን ፈቃድ ጥገኝነት ጠያቂውም ሊያገኘው ስለሚችል የዜግነት ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ዜጋ ሰነድ ስላልያዘ አገሩ እንዳይገባ አይከለከልም፤ ማንነቱ እስኪጣራ ግን ሰዓታት ሊቆም ይችላል።

ባለ ግሪን ካርዱ። ሁለት ነገር ያስፈልገዋል፤ ያላለፈበት ግሪን ካርድና ያላለፈበት የኢትዮጵያ ፓስፖርት። ሜክሲኮ ለኢትዮጵያውያን ቪዛ ትጠይቃለች፤ የአሜሪካ ቋሚ ነዋሪ ከሆነ ግን ከቪዛው ነፃ ነው። ከፓስፖርቱ ግን ነፃ አይደለም። ስንቱ ወገናችን ነው ፓስፖርቱ ካለፈበት ዓመት ቆጥሮ መሳቢያ ውስጥ የረሳው?

ለባለ ግሪን ካርዱ ከሰነዱ የሚከብድ ሌላ ነገር አለ። ለአጭር ጊዜ ወጥቶ የሚመለስ ቋሚ ነዋሪ በሕጉ እንደ አዲስ ገቢ አይቆጠርም። ከዚህ ደንብ ውጭ ከሚሆኑት አንዱ ግን የቆየ ወንጀል ያለበት ሰው ነው። የአደንዛዥ ዕፅ ወይም ሕጉ «ከመልካም ሥነ ምግባር የሚቃረን» የሚለው ዓይነት ጥፋት ካለበት፣ ድንበሩ ላይ እንደ አዲስ አመልካች ታይቶ ጉዳዩ ለኢሚግሬሽን ዳኛ ሊመራ ይችላል። ከአሥር ዓመት በፊት ተቀጥቶ የጨረሰው ጥፋት፣ ቤቱ ቢቀመጥ ማንም የማያነሳበት፣ ለአንድ ሌሊት ጭፈራ ሲወጣ ይቀሰቀሳል። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ሰው ከመውጣቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር።

ጥገኝነት ጠያቂው። ለእሱ መልሱ አጭር ነው፦ አይሂድ። ማመልከቻው ውሳኔ ሳያገኝ፣ አድቫንስ ፓሮል የሚባለውን የቅድሚያ ፈቃድ ሳይዝ ከአገር የወጣ ሰው ማመልከቻውን እንደተወው ይገመታል። የወጣው ለአንድ ወርም ይሁን ለአንድ ሰዓት፣ ሕጉ አይለይም። የሥራ ፈቃድ አለው፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር አለው፣ መንጃ ፈቃድ አለው፣ ግብር ይከፍላል። በካሊፎርኒያ ጎዳና ላይ ከጓደኞቹ የሚለየው ነገር አይታይም። ከእነዚህ ሁሉ ወረቀቶች ግን አንዱም መልሶ የሚያስገባ አይደለም። ጥገኝነቱ የተፈቀደለት ደግሞ ከመውጣቱ በፊት የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ማውጣትና ሜክሲኮ ትቀበለው እንደሆነ ከቆንስላዋ መጠየቅ አለበት።

ጎብኚው። ያላለፈበት የአሜሪካ ቪዛ ያለው ኢትዮጵያዊ ወደ ሜክሲኮ ያለ ሜክሲኮ ቪዛ መግባት ይችላል። ችግሩ አሁንም መመለሻው ነው። አሜሪካ በሐምሌ 2025 ለኢትዮጵያውያን የምትሰጣቸውን አብዛኞቹን የጎብኚ ቪዛዎች ለአንድ ጊዜ መግቢያና ለሦስት ወር ብቻ እንዲሆኑ አድርጋ ነበር። እንዲህ ያለውን ቪዛ የያዘ ሰው መግቢያውን አዲስ አበባ ተነሥቶ ሲደርስ ተጠቅሞበታል። እርግጥ የመግቢያ መዝገቡ ቀን ካልተቃጠለ፣ ወደ ሜክሲኮ ወይም ካናዳ ብቻ ሄዶ በ30 ቀን ውስጥ ለሚመለስ ሰው ባለፈ ቪዛም መግባት የሚያስችል ደንብ አለ። ሆኖም የመጨረሻው ቃል የመኮንኑ ነው። ሻንጣው ሳንዲያጎ፣ የመመለሻ ትኬቱ ከሎስ አንጀለስ ሆኖ ቲሁዋና ላይ መቅረትን የሚፈልግ ካለ ይሞክረው።

ሳያስቡት የሚሻገሩም አሉ። አምስት ቁጥር አውራ ጎዳናን ይዞ ወደ ደቡብ የሚነዳ ሰው «የመጨረሻው የአሜሪካ መውጫ» የሚል ሰሌዳ ያያል። ያቺን መውጫ የሳተ ቀጥታ ሜክሲኮ ነው። ሰነድ የሌለው ሰው በዚያ ጎዳና ባይነዳ ይሻለዋል።

በመስኮቱ ፊት

ካሊፎርኒያ ማሪዋናን ለአዋቂዎች የፈቀደችው በ2016 በሕዝብ ድምፅ ነው። ድንበሩ ግን የካሊፎርኒያ አይደለም፤ የፌዴራሉ መንግሥት ነው። በፌዴራል ሕግ ማሪዋና አሁንም ክልክል ነው። ዜጋ ያልሆነ ሰው በኪሱ ባይገኝበት እንኳ፣ ይዞ ወይም አጭሶ እንደሚያውቅ ለመኮንኑ ቢያምን ንግግሩ ብቻውን መግቢያ ሊያሳጣው ይችላል። መዋሸትም ሌላ ጥፋት ነው። የተሻለው በጥያቄው ላይ ጠበቃ ማነጋገር እንደሚፈልጉ በትሕትና መናገር ነው። ጫትም እንዲሁ ነው። በአሜሪካ ሕግ በእርጥቡ ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን ከከባዶቹ ዕፆች ተርታ ተመድቧል፤ «የአገሬ ባህል ነው» የሚለው መከላከያ አይሠራም።

ከድንበሩ ወዲያ

የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በ2025 ባወጣው ማሳሰቢያ ቲሁዋና የምትገኝበትን ባሃ ካሊፎርኒያን ከአራቱ የአደጋ ደረጃዎች በሦስተኛው አስቀምጧታል፤ ትርጉሙ «ጉዞውን እንደገና አስቡበት» ነው። አብዛኛው ተሻጋሪ በሰላም ሄዶ በሰላም ይመለሳል። ችግር የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ሌሊት፣ ለብቻና በስካር ነው። ስለዚህ፦

አብራችሁ ሂዱ፣ አብራችሁ ተመለሱ። መጠጣችሁን ከዓይናችሁ አታርቁ። መንገድ ላይ ያገኛችሁትን ታክሲ ከመያዝ በስልክ የተጠራ፣ ሾፌሩና ታርጋው የታወቀ መኪና ይሻላል።

መኪናችሁን አሜሪካ በኩል አቁማችሁ በእግር ተሻገሩ። የአሜሪካ የሦስተኛ ወገን መድን በሜክሲኮ ሕግ ዋጋ የለውም፤ የሜክሲኮ መድን ሳይኖረው የገጨ ሰው ጥፋቱ እስኪጣራ ሊታሰር ይችላል። መሣሪያ ቀርቶ መኪና ውስጥ የተረሳች አንዲት ጥይት በሜክሲኮ ወንጀል ናት።

ከመንገድ ዳር ፋርማሲ በፍሬ የሚሸጥ ክኒን አትግዙ። በ2023 የተደረጉ ምርመራዎች በሰሜን ሜክሲኮ ከተሞች ሕጋዊ በሚመስሉ ፋርማሲዎች የሚሸጡ አንዳንድ ክኒኖች ፌንታኒል ያለባቸው መሆኑን አሳይተዋል።

ስለ ሶና ኖርቴም ዝም ብዬ አላልፍም። በ2003 የወጣው የአሜሪካ ሕግ፣ ዜጋም ሆነ ቋሚ ነዋሪ ውጭ አገር ሄዶ ከ18 ዓመት በታች ከሆነች ልጅ ጋር በገንዘብ ግንኙነት ቢፈጽም፣ ተመልሶ አሜሪካ ውስጥ እንዲከሰስ ያደርጋል። ቅጣቱ እስከ 30 ዓመት እስራት ይደርሳል። «ቤቱ ትልቅ ናት ብሎኛል» ማለት አያድንም፤ ለሕሊናም መልስ አይሆንም።

የታሰረ ሰው ቆንስላው እንዲነገርለት የመጠየቅ መብት አለው፤ ይህን የሚለው የ1963ቱ የቪየና የቆንስላ ስምምነት አንቀጽ 36 ነው። ነገር ግን ቆንስላ የሚከተለው ፓስፖርትን እንጂ ግሪን ካርድን አይደለም። ቲሁዋና ያለው የአሜሪካ ቆንስላ የሚጠየቅለት የራሱ ዜጋ ነው። ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ ወረራውን አልቀበልም ያለች አገር ናትና ሜክሲኮን በአደባባያችን ስም እናስታውሳታለን፤ ሌሊት በቁጥጥር ሥር የዋለን ሰው ግን ይህ ታሪክ አያስፈታውም።

ቅዳሜ ማታ

ይህን ሁሉ በዚያ ምሽት ለልጆቹ ነገርኳቸው። መጀመሪያ ሳቁብኝ፤ «ጋሼ ሠርጉን ፍርድ ቤት አደረጉት» አሉ። ጥገኝነት ጠያቂው ግን አልሳቀም። ስልኩን አውጥቶ ለጠበቃው መልእክት ላከ። መልሱ በማግሥቱ ጠዋት መጣ፤ አንድ ቃል ነበር። «እንዳትሞክረው»።

ቅዳሜ ማታ ሁላቸውም ኤል ካሆን ቡሌቫርድ ላይ፣ ከአበሻ ምግብ ቤቶች አንዱ ውስጥ፣ ቤቱ እስኪዘጋ ሲጨፍሩ አመሹ። እኔም ለአንድ ሰዓት ያህል ተቀላቀልኳቸው። ስወጣ ያ ልጅ በር ድረስ ሸኘኝ።

«ጋሼ» አለኝ፣ «እኔ እኮ አልጠጣም። መኪናውን ልነዳላቸው የነበረው እኔ ነበርኩ።»

ሰባት ዓመት የጠበቀው ጉዳይ፣ አዲስ አበባ ያሉት ሚስቱና ልጁ፣ ለጓደኞቹ ሾፌር ልሁን ባለበት በጎነት ሊጠፉ ነበር። ለመሻገር ያሰበ ሁሉ ከመነሣቱ በፊት አንድ ጥያቄ ራሱን ይጠይቅ፦ መልሶ የሚያስገባኝ ወረቀት የትኛው ነው? መልሱን በእጁ ይዞ ካላሳየ፣ አብረውት ያሉት «ና እንሂድ» አይበሉት።

ቸር ይግጠመን።